«ኮች፣ እንዴት አየኸኝ?»

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ታዳጊዎችን የማሠለጥንበት ሜዳ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ነው። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ታኬታን ከእግር ያወልቃል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ኳሱን ባልታሰበ አቅጣጫ ያነጥረዋል። ልጆቹ ከኮንዶሚኒየሙም፣ ከዚያ ባሻገር ካሉት የገበሬ መንደሮችም ይመጣሉ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ጉሙ ከየረር ተራራ ላይ ገና ሳይነሣ፣ 14 ልጆች ሰብስቤ ጀርባን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ኳስ መቀበልን አሳይ ነበር። ከተከላካዩ የመጣልኝን ኳስ ወደ ኋላ ሳልዞር በቀኝ እግሬ ውጫዊ ጎን ነካ አድርጌ ከጀርባዬ በስተቀኝ ለቆመ ልጅ አሳለፍኩት። ኳሱ እግሩ ሥር ደረሰ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከእግሬ ሲወጣ ደስ ስለሚለኝ ፈገግ አልኩ። ያላጨበጨበው ኳሱ የደረሰው ልጅ ብቻ ነበር። 13 ዓመቱ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ከትከሻው የሚንሸራተት ሰፊ ስምንት ቁጥር ማልያ ይለብሳል። ኳሱን ረግጦ እንደያዘ ትኩር ብሎ አየኝና ጠየቀኝ።

«ኮች፣ ወደ እኔ አልዞርክም እኮ። እንዴት አየኸኝ?»

«በቃ ይታወቃል» አልኩት። «ስትጫወት ስትጫወት ይመጣል።»

«እሺ» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ጥያቄዬ አልተመለሰም፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ስለተናገረ ዝም ማለት ይገባኛል የምትል «እሺ» ናት። እኔም በእሱ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ወደ ቤቴ በምመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ፣ የልጁ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር፣ እንዴት እንዳየሁት አላውቅም ነበር።

«ይታወቃል» የሚለው መልስ

12 ዓመት በአማካይ ቦታ ተጫውቻለሁ። ትልቅ ስም አልነበረኝም፤ በሁለት የክልል ክለቦችና በአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ቋሚ ተሰላፊ ሆኜ አሳልፌ፣ 31 ዓመት ሲሆነኝ የግራ ጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ አቆምኩ። በእነዚያ ዓመታት ስለ እኔ በተደጋጋሚ የሚነገር አንድ ነገር ነበር። «ኳስ ያያል» ይሉኝ ነበር፣ ተመልካቹም ጓደኞቼም። ይህን ሙገሳ እንደ ቁመት ወይም እንደ ጥሩ ድምፅ ከላይ የተሰጠኝ አድርጌ እቀበለው ነበር። ምን እንደማይ፣ መቼ እንደማይ፣ እንዴት እንደማይ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ያሠለጠኑኝን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ደመወዝ ሳይኖራቸው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ታኬታ የገዙልን ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሜዳው ዳር ሆነው ይጮሁልን የነበረውን ሳስታውስ፣ «ልብ ይኑርህ!»፣ «ንቃ!»፣ «ኳሱን እይ!» የሚለውን ሁሉ፣ አብዛኛው ፍርድ እንጂ ትምህርት እንዳልነበረ ይገባኛል። አንድ ልጅ «ንቃ» ሲባል ምን ማድረግ እንዳለበት በምን ያውቃል? አንገቱን ያዙር ወይስ እግሩን ያንሣ? የነቃው ልጅ አስቀድሞም ነቅቷል፤ ያልነቃው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀነሳል። እኔ ከነቁት ወገን ስለነበርኩ ዘዴው ትክክል ነው ብዬ አደግሁ። የተቀነሱት ልጆች ግን ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከእነሱ መካከል ከእኔ የተሻለ ዓይን ሊኖረው የሚችል እንደነበረ አሁን አሁን አስባለሁ።

የሲ ላይሰንስ (የአሰልጣኝነት ፈቃድ) ሥልጠና ስወስድ የገጠመኝም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እያንዳንዳችን የ20 ደቂቃ ልምምድ እንድንመራ ታዘዝን። ተራዬ ደርሶ ቅብብሉ ሲበላሽ ልምምዱን አስቁሜ፣ ኳሱን ወስጄ፣ ራሴ አሳየኋቸው። እንደገና ሲበላሽ እንደገና ገብቼ አሳየሁ። ስጨርስ አንጋፋው አስተማሪያችን ማስታወሻቸውን አጥፈው፣ «ልጄ፣ አንተ ስትጫወት አየሁ። እነሱ ሲማሩ ግን አላየሁም» አሉኝ። በሰዓቱ ቅር አለኝ። ኳስ በወጉ ተጫውተው የማያውቁ ሰልጣኞች በወረቀት ላይ ቀስት እየሣሉ ሲመሰገኑ፣ ዕድሜዬን በሜዳ ያሳለፍኩት እኔ መወቀሴ ፍርደ ገምድልነት መስሎኝ ነበር።

አሪጎ ሳኪ በፕሮፌሽናል ደረጃ ሳይጫወት ኤሲ ሚላንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣ ጣሊያናዊ አሰልጣኝ ነው። ተጫዋች አለመሆኑን ለሚያነሡበት ሰዎች፣ ጋላቢ ለመሆን አስቀድሞ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ሲል የሰጠው መልስ በእግር ኳስ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በተጫዋችነቴ ዘመን ይህ አባባል ያስቆጣኝ ነበር። ከልጁ ጥያቄ በኋላ ግን ነገሩን ከፈረሱ በኩል ሆኜ ማየት ጀመርኩ። ፈረሱ ሩጫውን በጅማቱና በትንፋሹ ያውቀዋል፤ መታጠፊያው የት እንደሆነ፣ መቼ መጨመር እንዳለበት ሰውነቱ ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ቢጠየቅ ግን መናገር አይችልም። እኔም «በቃ ይታወቃል» ያልኩት ከዚያው ቦታ ሆኜ ነው።

ስልኩ ያሳየኝ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮን የሚያስቀምጥልኝን ወጣት ስልኬን ሰጥቼ፣ ከሜዳው ዳር ካለው የአፈር ክምር ላይ ቆሞ እንዲቀርጸኝ ለመንኩት። ያንኑ ልምምድ ደገምን። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት እንደማንኛውም ሰው ኳሱን ነበር። ደግሜ ስከፍተው እግሬን አየሁ፤ ያረጀ እግር ነው፣ ቢሆንም ሥራውን አልረሳም። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ፍጥነቱን ቀንሼ ከኳሱም ከእግሬም ዓይኔን አነሣሁና ራሴን፣ ማለትም ጭንቅላቴን፣ ተመለከትኩ።

ኳሱ ገና ከተከላካዩ እግር ሳይነሣ አገጬ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ይሄድና ይመለሳል። ኳሱ መንገድ ላይ ሳለ ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ወደ ቀኝ፤ ይህ የመጨረሻው በጣም አጭር ስለሆነ አንገቴ ሙሉ በሙሉ አልዞረም፣ ዓይኔ ብቻ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። ስምንት ቁጥሩ ልጅ በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ በስተቀኝ እጁን ሳያነሣ ቆሟል። ኳሱ እግሬ ጋ ሲደርስ እኔ ወደ ታች እያየሁ ነው፤ ለማየት የሚያስፈልገኝን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ።

ሦስት ጊዜ ዞሬያለሁ። ቪዲዮው ባይኖር አንድም ጊዜ አልዞርኩም ብዬ እምል ነበር። ያችን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ደስታም ሐዘንም ነበረበት። ደስታው፣ «ተሰጥኦ» እያሉ የሸፈኑልኝ ነገር ሊታይና ሊቆጠር የሚችል የአንገት እንቅስቃሴ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ሊቆጠር የሚችል ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ሊማረው ይችላል። ሐዘኑ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከራሴ ጋር ይዤው ስዞር አለማወቄ ነበር። የእጅ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለውን ሰዎች የራሳቸውን ሰው ሲንቁ ነው የሚጠቅሱት፤ ለእኔ በዚያ ሌሊት ስለ ራሴ አንገት የተነገረ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ይህንኑ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ እንዳጠናው አነበብኩ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ስንት ጊዜ ዙሪያቸውን እንደሚቃኙ ቆጥሮ፣ አብዝተው የሚቃኙት ኳሱን በተሳካ ሁኔታ የማቀበል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከሁሉም አብዝተው ከሚቃኙት አንዱ ፍራንክ ላምፓርድ ነበር። ይህ ስም ቆም አድርጎ አሳሰበኝ። ላምፓርድ ለቼልሲ 211 ግቦች ያስቆጠረ፣ ከአጥቂዎች ጀርባ ተነሥቶ በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቦታ የሚገኝ አማካይ ነበር። ጫማውን ከሰቀለ ብዙም ሳይቆይ ደርቢ ካውንቲን ለአንድ የውድድር ዘመን አሠልጥኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በቀጥታ ወደ ቼልሲ ተጠራ። በመጀመሪያው ዓመት ከወጣቶች ጋር አራተኛ ሆኖ መጨረሱ ሊካድ የማይገባው መልካም ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ላይ፣ ተሰናበተ።

በእሱ ቦታ የመጣው ቶማስ ቱኸል ያንኑ ቡድን ይዞ በአራት ወር ውስጥ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ቱኸል በጉልበቱ ጉዳት የተነሣ በ20ዎቹ አጋማሽ ከተጫዋችነት የወጣ፣ አብዛኛው ተመልካች ሲጫወት አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው በሽቱትጋርት ታዳጊዎች ዘንድ ነው። ላምፓርድን ለማሳነስ አይደለም የማነጻጽራቸው። ላምፓርድ የነበረው ዕውቀት ቱኸል ያልነበረው ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ያን ዕውቀት በቃል የሚፈታበት፣ ማንም ሳያየው የሚሳሳትበት ጊዜ አላገኘም። ቱኸል ግን ከልጆች ጋር ብዙ ዓመት ተሳስቷል።

ከታች የጀመሩት

የሻቢ አሎንሶን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የምቆመው ሰዎች በማይቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ሰዎች የሚያወሩት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ላይ ባየር ሌቨርኩዘንን ከ18 ቡድኖች 17ኛ ሆኖ ተረክቦ፣ በ2023/24 የውድድር ዘመን በ34 የሊግ ጨዋታዎች አንድም ሳይሸነፍ የክለቡን የመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ዋንጫ ማንሣቱን ነው። እኔን የሚያቆመኝ ከዚያ በፊት ያለው አምስት ዓመት ነው። የዓለም ዋንጫን፣ የአውሮፓን ዋንጫ፣ ሻምፒዮንስ ሊግን ከሁለት ክለቦች ጋር ያነሣ ሰው በ2017 መጫወት ሲያቆም የሄደው በሪያል ማድሪድ አካዳሚ ውስጥ ከ14 ዓመት በታች ወደሆኑ ልጆች ነው። ቀጥሎ በሪያል ሶሴዳድ ሁለተኛ ቡድን ሦስት ዓመት ቆየ። ቡድኑን ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አሳደገው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ተመልሶ ወረደ። መውረዱንም ከዚያው ከቡድኑ ጋር ሆኖ ቀመሰው።

ከእነዚያ የማድሪድ ልጆች አንዱ እንደ እኔ ልጅ «እንዴት አየኸኝ?» ብሎ ጠይቆት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ያን የመሰለ ረጅም ኳስ በ40 ሜትር ርቀት እግር ላይ ያሳርፍ ለነበረ ሰው ጥያቄው ከእኔ ይልቅ ይከብደዋል። መልሱን ለመፈለግ ግን አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጋዜጠኛ በሌለበት ሜዳ፣ ውጤቱን ማንም በማይቆጥርበት ሊግ ነበረው።

ፔፕ ጓርዲዮላም ባርሴሎናን ከመረከቡ በፊት ሁለተኛ ቡድኑን ይዞ በስፔን አራተኛ እርከን ነበር። ዚነዲን ዚዳን በሪያል ማድሪድ በካርሎ አንቼሎቲ ሥር ምክትል ሆኖ፣ ቀጥሎ የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ካስቲያን ይዞ፣ በቂ ላይሰንስ ሳይኖረው ያሠለጥናል ተብሎ ቅጣት ተጥሎበት ኋላም ተነሥቶለት፣ በዚያ ሁሉ አልፎ ነው እ.ኤ.አ. ጥር 2016 ላይ ዋናውን ቡድን የያዘው፤ ከዚያ ሦስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ በተከታታይ አነሣ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። ዚዳንን የሚያህል ተጫዋች እንኳ ወረቀቱ የታል ሲባል፣ እኔ የሲ ላይሰንስ አስተማሪዬን ቃል ለመቀበል ዓመታት መፍጀቴ ይቆጨኛል።

ወደ አህጉራችን ስመጣ ደግሞ ከሁሉ በላይ የአሊዩ ሲሴ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ባማኮ ላይ የሴኔጋል አምበል ነበር፤ በካሜሩን የተሸነፉት እሱ ባመከነው የመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ከኦሊምፒክ ቡድኑ ተነሥቶ በ2015 ዋናውን ቡድን ያዘ፣ በ2019 ፍጻሜ ደርሶ በአልጄሪያ ተሸነፈ፣ በየካቲት 2022 ግን ግብፅን በዚያው በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ለሴኔጋል የመጀመሪያዋን ዋንጫ አስገኘ። በ2019 ከተሸነፈ በኋላ ያላሰናበቱት ሰዎች ከዋንጫው ድርሻ እንዳላቸው አምናለሁ።

የጎደለው እርከን

እኛም ይህ መንገድ አልነበረንም አይባልም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውተው፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዛሬዋን ግብፅ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ያነሣውን ቡድን አሠልጥነው፣ ከዚያ አልፈው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በዚያ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል።

ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሱበት በ2013 እ.ኤ.አ. ውድድር፣ እነ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ያስገኙልን ያ ዕድል፣ በምድባችን የመጨረሻ ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር አገናኘን። በማዶኛው ወንበር ላይ የናይጄሪያ አሰልጣኝ ስቴፈን ኬሺ ነበር። ያን ምሽት ከሰፈር ልጆች ጋር ቆሜ ስመለከት የተናደድኩት በሽንፈታችን ነበር። አሁን ትዝ የሚለኝ ኬሺ ነው። በ1994 አምበል ሆኖ ያነሣውን ዋንጫ በዚያ ውድድር በአሰልጣኝነት ደገመው፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ግብፃዊው ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ ብቻ ነው፣ እሱም በ1959 በእኛው ላይ ሦስት ግብ ያስቆጠረ አጥቂ ነበር። ኬሺ ግን ከአምበልነት በቀጥታ ወደዚያ ወንበር አልመጣም። ቶጎን ለ2006 የዓለም ዋንጫ አብቅቶ ከውድድሩ በፊት ተነሥቷል፤ ማሊንም ይዟል። ናይጄሪያ ያገኘችው በሌሎች አገሮች ብዙ ጊዜ የተሳሳተና የተማረ ኬሺን ነው።

እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ የመሳሳቻ ቦታ ይመስለኛል። መጫወት ያቆምኩ ሰሞን አንድ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ አድርጎ ጠራኝ። ለምን እንደተመረጥኩ ግልጽ ነበር፤ ደጋፊው ያውቀኛል። በአራተኛው ወር ዋናው አሰልጣኝ ሲሰናበት እኔም ከእሱ ጋር ተሰናበትኩ፤ የሁለት ወር ደመወዝ እንደቀረብኝ አለ። የሚያናድደኝ ግን ደመወዙ አይደለም። በእነዚያ አራት ወራት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር በየሳምንቱ ውጤትን መፍራት ነበር። ለአንድ ወጣት ተጫዋች ስለ አንገቱ የማስረዳበት ሰዓት አልነበረኝም፤ እሑድ መሸነፍ አይቻልማ። በዕውቀት የበሰሉ ስንት ተጫዋቾች በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቃጥለው፣ ዛሬ ካፌ ተቀምጠው ጨዋታ ይተነትናሉ! ትንታኔያቸው ብዙ ጊዜ ከሬዲዮው ይሻላል። ከታች የሚጀምሩበት ደመወዝ ያለው የታዳጊ ቡድን፣ ሁለተኛ ቡድን፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሚታገሣቸው ሰው ቢያገኙ ያ ሁሉ ዕውቀት ወደ ልጆች እግር ይወርድ ነበር።

ይህን እርከን እኔ በራሴ ፈልጌ ያገኘሁት በቱሉ ዲምቱ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ሠርቼ የማድረው በሌላ ነው።

ጣት መቁጠር

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቤ ስልኬን አሳየኋቸው። ስምንት ቁጥሩ ልጅ ሁለት ጊዜ አየና፣ «ታዲያ ዞረሃል» አለኝ። «ዞሬያለሁ» አልኩት። «ያን ዕለት የመለስኩልህ ልክ አልነበረም። አላውቀውም ነበር።» ልጆቹ ዝም አሉ፤ አሰልጣኝ እንዲህ ሲል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ።

ከዚያ ቀላል ልምምድ ጀመርን። አንዱ ኳስ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከተቀባዩ ጀርባ ቆሞ ኳሱ መንገድ ላይ ሳለ ጣቶቹን ያነሣል፤ ተቀባዩ ኳሱን ከመንካቱ በፊት ስንት ጣት እንደሆነ ይናገራል። በዚያ ቀን ተሳካልን ብዬ ነበር። ልጆቹ እየዞሩ «ሦስት!»፣ «አምስት!» ይላሉ፤ ሜዳው ገበያ መሰለ። በጨዋታ ላይ ግን ከመቶ አንድ አልሠራም። ይዞራሉ፤ ምንም አያዩም። ስላዘዝኳቸው ብቻ አንገታቸውን እንደ ደጅ መዝጊያ ያወዛውዛሉ።

ለሁለት ሳምንት ተቸገርኩ። ስህተቱን ያገኘሁት ራሴን እንደገና በቪዲዮ ካየሁ በኋላ ነው። እኔ የምዞረው ለመዞር ብዬ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው፤ ከኋላዬ ያለው ተከላካይ ቀርቧል ወይስ ርቋል? ከርቀቱ ተነሥቼ ነው ነፃ የሚሆነውን ሰው የማውቀው። ጣት መቁጠር ይህን አያስተምርም፤ ጣት አይንቀሳቀስም፣ አይቀርብም። ስለዚህ ጣቱን ትተን ከተቀባዩ ጀርባ የሚመጣ ወይም የሚቀር ተከላካይ አቆምን። ከመጣ በአንድ ንክኪ ይመልሳል፤ ከቀረ ይዞራል። ምርጫው የልጁ ነው። ያኔ ልጆቹ በጣም መሳሳት ጀመሩ፤ እኔም ከዚያ ሜዳ በሰላም የተመለስኩት በዚያ ቀን ነው።

ባለፈው እሑድ ከጎረቤት ሰፈር ቡድን ጋር ወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ጥቂት ወላጆች ከሜዳው ዳር በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ሁለተኛው አጋማሽ መጨረሻ፣ አንድ ለአንድ ሳለን፣ ከተከላካያችን ለስምንት ቁጥር ኳስ ተላከለት። አገጩ ወደ ግራ ትከሻው ሲሄድ አየሁት፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። በሁለተኛው ዘገየ። መሬቱ ኳሱን አነጠረው፣ እግሩ ሥር ሾልኮ ከመስመሩ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከድንጋዩ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ኳሱን እይ እንጂ!» ብለው ጮኹ።

ልጁ ቁጣ እየጠበቀ ወደ እኔ ዞረ።

«ከኋላህ ማን ነበር?» አልኩት።

«ማንም» አለኝ። «ግራ መስመሩ ነፃ ነበር።»

ዞሬ አየሁ። ግራ መስመሩ ላይ ልጃችን ብቻውን፣ እጁን እንዳነሣ ቆሟል።